በፖክስ ቫይረስ ላይ የተመሠረተ የክትባት ጥናት እንዴት ይነበባል?

በዘረመል ምሕንድስና የተሠራ አዲስ ክትባት እንስሳትን ሙሉ በሙሉ ከበሽታ ጠበቀ የሚል ዜና በየጊዜው ይወጣል። ዜናውን አልፎ የምርምር ጽሑፉን ራሱን ለማንበብ የሚነሣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፣ የጤና ዘጋቢ ወይም የግብርና ባለሙያ ግን ብዙውን ጊዜ በሙያዊ ቃላት ብዛት ይሰላችና አጠቃሎውንና መደምደሚያውን ብቻ አይቶ ጽሑፉን ያስቀምጠዋል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ ሲሆን፣ የሚመለከተውም አንድ የክትባት ዓይነት ብቻ ነው፤ እርሱም ከፈንጣጣ ቤተሰብ የሆነ ቫይረስ፣ ማለትም ፖክስ ቫይረስ፣ የሌላ በሽታ አምጪን ጂን ይዞ ወደ ሰውነት የሚገባበት ክትባት ነው።

ለምሳሌነት ደጋግሜ የምጠቅሰው ትውልደ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፕሮፌሰር ጥላሁን ይልማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ሆነው ከባልደረቦቻቸው ጋር በከብቶች የደስታ በሽታ (ሪንደርፔስት) ላይ ያካሄዱትን ምርምር ነው። ይህን የመረጥሁት ተመራማሪው የአገር ልጅ ስለሆኑ ብቻ ሳይሆን የነገሩ መጨረሻ ስለሚታወቅ ነው። በሽታው ከምድር ገጽ ጠፍቷል፤ የጠፋውም በሌላ ክትባት ነው። ስለዚህ ጥሩ የላቦራቶሪ ውጤት ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተሸካሚውን መለየት

ጽሑፉን እንደከፈቱ በመጀመሪያ የሚፈልጉት መረጃ የትኛው ፖክስ ቫይረስ፣ የትኛው ዝርያ በተሸካሚነት እንዳገለገለ ነው። ይህ መረጃ በአብዛኛው የሚገኘው አንባቢዎች ዘለው በሚያልፉት የአሠራር ዘዴ ክፍል ውስጥ ነው። በ1982 በኒው ዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት የነበሩት ፓኒካሊና ፓኦሌቲ፣ በዚያው ዓመትም በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የእነ በርናርድ ሞስ ቡድን፣ የፈንጣጣ ክትባት የሆነው ቫክሲኒያ የባዕድ ጂን ተቀብሎ ሊሠራበት እንደሚችል አሳዩ። ቫክሲኒያ ለዚህ ሥራ የተመቸው 190 ሺህ ያህል ጥንድ ቤዞች (የዘረመል ፊደላት) ያሉት ትልቅ ዲኤንኤ ስላለው፣ ከ25 ሺህ በላይ ጥንድ ቤዞች ተጨምረውበትም መባዛቱን ስለማያቋርጥ ነው። ከዚህም በላይ የሚባዛው ከሴሉ ኒውክለስ ውጭ በመሆኑ ከአስተናጋጁ ዲኤንኤ ጋር አይቀላቀልም፤ ደርቆ ሲዘጋጅም ሙቀትን በደንብ ይቋቋማል።

ሆኖም «ፖክስ ቫይረስ» ተብለው በአንድ ስም የሚጠሩት ተሸካሚዎች ባሕርያቸው እጅግ የተለያየ ነው። ቫክሲኒያ በሰውም በከብትም ውስጥ ይባዛል። ኤምቪኤ የሚባለው ዝርያ ግን በሙኒክ አንቶን ማየር በዶሮ ፅንስ ሴሎች ውስጥ ከ500 ጊዜ በላይ አዘዋውረው ያዳከሙት በመሆኑ ከዘረመሉ 15 በመቶ ያህሉን አጥቷል፤ በአብዛኞቹ የሰው ሴሎች ውስጥም ተባዝቶ መውጣት አይችልም። የካናሪ ወፍ ፖክስ ደግሞ በወፎች እንጂ በአጥቢ እንስሳት ውስጥ አይራባም። የበጎች፣ የፍየሎችና የከብቶች ፖክስ ቫይረሶች፣ ካፕሪፖክስ የሚባሉት፣ በእነዚህ እንስሳት የተወሰኑ ናቸው። በአንዱ ተሸካሚ የተገኘ የደኅንነት ውጤት ለሌላው ስለማይሠራ፣ ጽሑፉ የራሱን ደኅንነት በሌላ ዝርያ ታሪክ ሊያስረዳ ሲሞክር ካዩ እዚያ ላይ ምልክት ያድርጉ።

ጭነቱን ከአጋሰሱ ለይቶ ማየት

የተሸከመው ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን የትኛው እንደሆነና ያ ፕሮቲን ለምን እንደተመረጠ ቀጥሎ ይፈልጉ። የደስታ በሽታ ቫይረስ የኩፍኝ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። በሽፋኑ ላይ ሁለት ዋና ፕሮቲኖች አሉት፤ አንደኛው፣ ኤች የሚባለው፣ ከሴሉ ጋር የሚያያይዘው ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ ኤፍ የሚባለው፣ የቫይረሱን ሽፋን ከሴሉ ሽፋን ጋር አዋህዶ መግቢያ ይከፍትለታል። የጥላሁን ይልማ ቡድን በ1988 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ያወጣው ጥናት የተመሠረተው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነበር፤ አንዱ ቫክሲኒያ ኤችን፣ ሌላው ኤፍን ተሸክሟል። ለከብቶቹም ለየብቻ ወይም አንድ ላይ ተሰጡ።

እዚህ ላይ የምርጫውን ሌላ ጥቅም ማስተዋል ይገባል። ሙሉው የደስታ በሽታ ቫይረስ ተዳክሞ ክትባት ሲሆን፣ የተከተበው ከብት ደም በበሽታው ተይዞ ከዳነው ከብት ደም ጋር በምርመራ አንድ ይሆናል። ክትባቱ ኤችንና ኤፍን ብቻ ከያዘ ግን በቫይረሱ ውስጣዊ ፕሮቲን ላይ የተፈጠረ ፀረ እንግዳ አካል የሚገኘው በእርግጥ በበሽታው በተያዘው ከብት ብቻ ነው። በሽታን ጨርሶ ለማጥፋት ለሚዘምት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቫይረሱ በመንጋው ውስጥ አሁንም መኖር አለመኖሩን ክትባቱን ሳያቆም ማወቅ ይችላልና። ጥናቱ እንዲህ ዓይነት ጥቅም አለኝ የሚል ከሆነ፣ የሚለየው የደም ምርመራ ተሠርቶ ተሞክሮ እንደሆነ ወይም በተስፋ ብቻ የተጠቀሰ እንደሆነ ያረጋግጡ።

የማጋለጥ ሙከራውን መመርመር

የጽሑፉ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ጊዜዎን የሚሰጡትም ለዚህ ክፍል ይሁን። ክትባት መሥራቱ የሚታወቀው የተከተበው እንስሳ በእውነተኛው በሽታ አምጪ ሲጋለጥ በሚሆነው ነገር ነው። በመጀመሪያ ያልተከተቡት ማነጻጸሪያ እንስሳት ምን እንደሆኑ ይመልከቱ። እነርሱ በጠና ካልታመሙ የተከተቡት አለመታመማቸው ምንም አያስረዳም፤ የተሰጠው ቫይረስ ደካማ ወይም መጠኑ አነስተኛ ሊሆን ይችላልና።

በ1988ቱ ጥናት ከብቶቹ የተጋለጡት ለመግደል ከሚበቃው መጠን ከ1000 እጥፍ በላይ በሆነ ቫይረስ ነበር። የደስታ በሽታ የያዘው ከብት ትኩሳቱ ይነድዳል፤ ከዓይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፤ ድዱና ምላሱ ይላላጣል፤ ከዚያም የሚከረፋ ተቅማጥ ይይዘውና በቀናት ውስጥ ውኃው አልቆ ይሞታል። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምፅዋ በኩል ገብቶ የአገራችንን ከብት ጠርጎ የክፉ ቀንን ረኀብ ያስከተለው ይኸው በሽታ ነው። እንዲህ ያለውን ቫይረስ በካሊፎርኒያ ከብት በረት አጠገብ መክፈት ስለማይቻል ለሙከራው በኒው ዮርክ አቅራቢያ በምትገኘው በፕላም ደሴት ላይ ከነበረው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የእንስሳት በሽታዎች ማዕከል ጋር መሥራት አስፈልጓል። የተከተቡት ከብቶች ሁሉ ከበሽታው ተጠበቁ። በእኔ አስተያየት በዘመኑ ከታዩት የዚህ ዓይነት ሙከራዎች እጅግ ንጹሕ ከሆኑት አንዱ ነው፤ የማጋለጫው መጠን ከባድ፣ ውጤቱም አሻሚ ያልሆነ ነበር።

ቢሆንም አንባቢው ቁጥሩን ከወደደው በኋላ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ አለበት። እንስሳቱ ስንት ናቸው? በትላልቅ እንስሳት ላይ የሚደረግ ሙከራ ውድ በመሆኑ በየቡድኑ ጥቂት እንስሳት ብቻ መኖራቸው የተለመደ ነው፤ ጥቂት ከብቶች ሁሉም ሲድኑ ክትባቱ ጠንካራ መሆኑን ያሳያል እንጂ በሚሊዮኖች ላይ ስንት በመቶ እንደሚሳካለት አያሳይም። የተጋለጡት ከተከተቡ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? ይህን ከዚህ በታች ለብቻው እመለስበታለሁ። የተለካውስ ምንድን ነው? ከበሽታ መጠበቅና ከመያዝ መጠበቅ የተለያዩ ናቸው፤ አንድ እንስሳ ምንም ምልክት ሳያሳይ ቫይረሱን በውስጡ አባዝቶ ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። ከተጋለጠ በኋላ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን በጣም ካሻቀበ ቫይረሱ በሰውነቱ ውስጥ ተባዝቶ እንደነበር ይጠቁማል፤ ሳይለወጥ ከቆየ ግን ቫይረሱ ሥር ሳይሰድ ከበር ተመልሷል ማለት ነው። ይህን የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ከመጋለጥ በፊትና በኋላ ያሉትን ዓምዶች ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። የጥላሁን ይልማ ቡድን ሁለቱንም ጂኖች በአንድ ቫይረስ ላይ አድርጎ በ2002 ያሳተመው ጥናት ቫይረሱን ጨርሶ ሥር እንዳይሰድ የሚያደርግና ለረጅም ጊዜ የሚቆይ መከላከያ መገኘቱን ዘግቧል፤ ከ1988ቱ ውጤት የሚልቀውም በዚህ ነው።

ከእንስሳ ወደ ሰው ሲሻገሩ ጥንቃቄው ይበረታል። ሰውን ሆን ብሎ ለገዳይ በሽታ ማጋለጥ ስለማይቻል በሺዎች የሚቆጠሩ ፈቃደኞች ተከትበው ለዓመታት ይጠበቃሉ። በታይላንድ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና ውጤቱ በ2009 በወጣው የኤች አይ ቪ ክትባት ሙከራ፣ በካናሪ ፖክስ የተጀመረውና በፕሮቲን የተደገፈው ክትባት 31.2 በመቶ የመከላከል አቅም አሳየ። ዓለም በደስታ ተቀበለው። ሐሳቡ ለአፍሪካ ደቡብ የቫይረስ ዓይነት ተስተካክሎ በደቡብ አፍሪካ ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ሲሞከር ግን በ2020 መጀመሪያ እንዲቆም ተደረገ፤ በዚያን ጊዜ ከተከተቡት 129፣ የማስመሰያ መርፌ ከወሰዱት 123 ሰዎች በቫይረሱ ተይዘው ነበር። ስለዚህ መካከለኛ የሆነ የመቶኛ ውጤት ሲያዩ ከአጠገቡ የተጻፈውን የግምት ዳርቻ፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ሊገኝ የሚችልበትን ዝቅተኛና ከፍተኛ ጫፍ፣ ሳያዩ አይለፉ፤ የታችኛው ጫፍ ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ውጤቱ በሌላ ቦታ መደገሙን መጠበቅ ይሻላል።

ጊዜው ሲረዝም

ብዙ ጽሑፎች እንስሳቱን ከተከተቡ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ አጋልጠው ይደመድማሉ። ለገበሬው ግን ጥያቄው በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ልክተብ ወይስ ይበቃኛል የሚል ነው። የደስታ በሽታን ጂን በካፕሪፖክስ ላይ ጭነው ከብቶችን ከደስታም፣ በካፕሪፖክስ ከሚመጣው ጉርብርብ ከሚባለው የቆዳ በሽታም በአንድ መርፌ ለመጠበቅ የሞከሩ ተመራማሪዎች በኬንያ ያገኙት ውጤት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ክትባቱ ጉዳት አላደረሰም፤ አብረው ወደ ነበሩ ያልተከተቡ ከብቶችም አልተላለፈም። ነገር ግን ከ2 ዓመት በኋላ ለገዳይ የደስታ ቫይረስ ሲጋለጡ ሙሉ በሙሉ የተጠበቁት ግማሽ ያህሉ፣ ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ተፎካካሪው፣ ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ የሠሩት የተዳከመ ቫይረስ ክትባት፣ አንዴ ከተሰጠ ዕድሜ ልክ የሚበቃ ነበር። ጽሑፉ ከነባሩ ክትባት ጋር ጎን ለጎን ካላነጻጸረ ንጽጽሩን አንባቢው ራሱ ማድረግ ይኖርበታል።

ጉዳት ያደርሳል ወይ?

በተሸካሚው ላይ ያሉ የደኅንነት ጥያቄዎች ሁለት ፈርጅ አላቸው፤ ለተከተበው እና በአጠገቡ ላለው። ቫክሲኒያ በቆዳ ላይ ሲሰጥ እብጠት፣ ከዚያም ቅርፊት ይፈጥራል፤ በዚያ ቅርፊት ውስጥ ሕያው ቫይረስ አለ፤ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰውም አደገኛ ሊሆን ይችላል። ኤች አይ ቪ በተስፋፋባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ከብት የሚከትበው፣ የሚያልበውና የሚጠብቀው ሰው ይህ ነገር ቢያገኘው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ስለዚህ እንዲሁ የሚታለፍ አልነበረም። የጥላሁን ይልማ ቡድን በ1991 ያወጣው ጥናት ርእሱ ላይ ሳይቀር ከብቶቹ ምንም ቁስል እንዳላወጡ የገለጸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ባዕዳኑ ጂኖች የተሰኩት የቫይረሱን የራሱን ጂኖች አቋርጠው በመሆኑ ቫይረሱ ተዳክሟል። ከዚያም ቡድኑ ጋማ ኢንተርፌሮን የሚባለውን የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን ጂን ቫይረሱ ራሱ እንዲሸከም በማድረግ የበለጠ ለማለዘብ ሠርቷል።

በአጠገብ ያሉትን በሚመለከት ያልተከተቡ እንስሳት ከተከተቡት ጋር በአንድ በረት መዋላቸውንና ደማቸው መመርመሩን ይፈልጉ። በዚህ ረገድ ከሁሉም የበለጠ የመስክ ልምድ ያለው የእብድ ውሻ በሽታን ጂን የተሸከመው ቫክሲኒያ ነው፤ በማባበያ ምግብ ውስጥ ሆኖ ለዱር ቀበሮዎች በቤልጂየም መሬት ላይ መበተን የተጀመረው በ1987 ሲሆን፣ በኋላም በአሜሪካ ለራኩኖችና ለኮዮቴዎች በብዛት ውሏል። በ2000 በኦሃዮ አንዲት ሴት ማባበያውን ከውሻዋ አፍ ለማስጣል ስትሞክር ተነክሳ በቫክሲኒያ ተይዛለች፤ ድናለችም። እንዲህ ያለ ገጠመኝ ክትባቱን አያስጥልም፤ ነገር ግን በላቦራቶሪ በረት ውስጥ ሊታይ የማይችል አደጋ በመስክ እንደሚታይ ያሳያል። በነገራችን ላይ በባሌ ተራሮች ለቀይ ቀበሮዎች የሚሰጠው የአፍ ክትባት የዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ የተዳከመ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው፤ በማባበያ የሚሰጠውን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ላይ ይጥላል።

ሙቀት፣ መንገድና ተፎካካሪ

የ1988ቱ ጽሑፍ ቫክሲኒያ ለሞቃትና ለደረቅ አገሮች እንደሚስማማ አስምሮበታል፤ ትክክልም ነበር። ነባሩ የፕላውራይት ክትባት በረዶ ይፈልግ ነበር፤ ክትባቱ በአፋር ቆላ በእግር የሚሄድ ከታቢ ሣጥን ውስጥ ሳለ በረዶው ካለቀ የቀረው ብልቃጥ ዋጋ የለውም። ይሁንና ይህንኑ ችግር ሌሎችም ይሠሩበት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጄፍሪ ማሪነርና ባልደረቦቻቸው የፕላውራይትን ቫይረስ ይዘው የማድረቅ ዘዴውን አሻሽለው ያለ በረዶ ለሳምንታት የሚቆይ አደረጉት። ክትባቱ ከማኅበረሰቡ ለተመረጡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ተሰጥቶ የመንግሥት ባለሙያ በማይደርስባቸው የአርብቶ አደር አካባቢዎች ተዳረሰ፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 ነው። በዓለም የመጨረሻው በ2001 በኬንያ ታየ፤ በ2011 በሽታው መጥፋቱ ታወጀ። በዘረመል ምሕንድስና የተሠራ ቫይረስ በሜዳ ለመልቀቅ የሚጠይቀው የመንግሥታት ፈቃድ፣ የደኅንነት ማስረጃና ጊዜ ሲታሰብ፣ ረጅሙን መከላከያ ያሳየው ጽሑፍ የታተመው የመጨረሻው የታመመ ከብት ከታየ በኋላ መሆኑ አያስደንቅም።

ይህ የሳይንሱ ውድቀት ነው ብዬ አላምንም። ነገር ግን አንባቢው ከማንኛውም ጽሑፍ መግቢያ ላይ «ነባሩ ክትባት ይህ ጉድለት አለበት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሲያገኝ፣ ጉድለቱን በቀላሉ ሊያስተካክል የሚሞክር ሌላ ሰው አለ ወይ ብሎ መፈለግ አለበት። የዚያ ዐረፍተ ነገር ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከጽሑፉ ዕድሜ ያጥራል።

ዛሬ የሚወጡትን ጽሑፎች ሲያነቡ

አሁን ትኩረቱ ያለው በ2030 ከዓለም ለማጥፋት በታቀደው የበጎችና የፍየሎች ደስታ መሰል በሽታ ላይ ነው። በ2003 በታተመ ጥናት የዚህን በሽታ ኤፍ ጂን የተሸከመ የካፕሪፖክስ ክትባት እጅግ አነስተኛ በሆነ መጠን፣ ማለትም በ0.1 የቫይረስ መለኪያ አሐድ፣ ፍየሎችን እንደጠበቀ ተዘግቧል። አንድ መርፌ ከበግና ከፍየል ፈንጣጣም ከደስታ መሰልም የሚከላከል ከሆነ ለአርብቶ አደሩ ትልቅ እፎይታ ነው።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሲያነቡ የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለ ፍየሎቹ ያለፈ ታሪክ ይሁን። ተሸካሚው ራሱ ቫይረስ ስለሆነ ቀድሞ የተከተበ ወይም በፈንጣጣ ታሞ የዳነ እንስሳ ተሸካሚውን ገና ሳይሠራ ሊያጠፋው፣ የተሸከመውም ጂን ሊባክን ይችላል። የሙከራ ፍየሎች በአብዛኛው ፀረ እንግዳ አካል እንደሌላቸው ተመርምረው ነው የሚመረጡት፤ የኢትዮጵያ መንጋ ግን በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በሚመረት የካፕሪፖክስ ክትባት ሲከተብ የኖረ፣ በሽታውም የማይጠፋበት መንጋ ነው። በሰውም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው፤ ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተከተቡ አረጋውያንና ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ወጣቶች በቫክሲኒያ ለተሠራ ክትባት እኩል ምላሽ ይሰጣሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ በአሠራር ዘዴው ክፍል የእንስሳቱ ምርጫ የተገለጸበትን አንቀጽ ያግኙና ቀደም ሲል የተከተቡ እንስሳት ያሉበት ቡድን መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ከሌለ ውጤቱን የሚያነቡት ምንም ዓይነት ፖክስ ላላወቀ መንጋ እንደሆነ አድርገው ነው።